ግሩፑን አትበትኑት

በ2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የሰንጋ ተራ 40/60 ቤቶች ዓይነት ሕንፃ፣ አንድ ዓይነት መኖሪያ በየወለሉ የሚደገምበት ማለቴ ነው፣ በሬቪት የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ሲነደፍ ቤቱ አንዴ ተሠርቶ «ግሩፕ» ሆኖ ይባዛል። በጋራ ፋይል ላይ አንድ ግድግዳ ለይቶ ለማየት ሲባል ግሩፑን መበተን ከባድ ስህተት ነው። የተበተነው ቤት ከመንትዮቹ ይነጠላል፤ ነገ የመታጠቢያ ቤቱ በር በሁሉም ሲቀየር እሱ ብቻ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። «መበተን ጊዜ ይቆጥባል» ይባላል፤ አዎ፣ ለዚያች ቀን። በአንጻሩ ለጊዜው መለየት፣ «አይሶሌት» የምንለው፣ የሚሠራው በተከፈተው እይታ ላይ ብቻ ስለሆነ ሞዴሉን አይነካም። «የተደበቀው ይረሳል» የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው፤ ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ሁሉንም መልሶ ማሳየት ግድ ነው። ግሩፖቹ በራሳቸው ወርክሴት፣ ማለትም በጋራው ፋይል ውስጥ በተለየ የሥራ ክፍል፣ ከተቀመጡማ የስትራክቸር መሐንዲሱ በአንድ ጊዜ ከእይታው ደብቋቸው ኮለኑንና ቢሙን ጥርት አድርጎ ያያል። የሙያ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ከመበተናችሁ በፊት ለይታችሁ እዩ።