ከሄክታር በስተጀርባ

ስለ ሰደድ እሳት የሚወጣ ዜና ሄክታር መቁጠር ይወዳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ኮሎራዶ ውስጥ የተነሳው የሄይማን ቃጠሎ ወደ 56 ሺህ ሄክታር አዳርሷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ውስጥ ዘር የሚጥል አንድ ዛፍ እንኳ ያልተረፈበት ቦታ ስፋት ነው።

*

ጁን 9 ቀን፣ በደረቅ አየርና በኃይለኛ ንፋስ፣ 24 ሺህ ሄክታር ገደማ በአንድ ቀን ነደደ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እሳቱም ከዛፎቹ አናት ወርዶ በብዙ ቦታ መሬት ለመሬት መሄድ ያዘ። የጉዳት ካርታው ላይ ክፉኛ የነደደውን የሚያሳየው፣ በሰፊው የተንጣለለው ቀይ በአብዛኛው የዚያ አንድ ቀን ሥራ ነው።

*

በዚያ አካባቢ የሚበዛው፣ ፖንዴሮሳ የሚባለው የፓይን ዛፍ እሳትን ያውቀዋል። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ ግንዱ ውስጥ ደጋግሞ ተለብልቦ የዳነባቸው ጠባሳዎች ይገኛሉ። ለመቶ ዓመት ገደማ እሳት በታየ ቁጥር ሲጠፋ ግን ከሥሩ ችግኝ ተጠቅጥቆ አደገ፤ እሳቱ አሁን በዚያ ተንጠላጥሎ አናት ላይ ይወጣል።

*

ከተቃጠለ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ቀና በሉ። መርፌ መሰሉ ቅጠል ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ካለ፣ ዛፉ ቢሞት እንኳ ቅጠሉ ረግፎ አመዱን ይሸፍናል፤ የዝናቡንም ጠብታ ያበርዳል። ቅጠሉ ጭምር ከነደደ አፈሩ ራቁቱን ነው። ጣት በሚያህል ጥልቀት ጫር አድርጋችሁ ውኃ ጠብ ብታደርጉበት፣ ብዙ ጊዜ ጠብታው ሳይሰርግ ድቡልቡል እንዳለ ይቆያል፤ ከነደደው ቅጠል የወጣ ሰም መሰል ነገር አፈሩ ውስጥ ረግቷል። ከሄይማን በኋላ ጎርፉ ደለልና አመድ ይዞ ቺዝማን ግድብ ገባ። ዴንቨር ከምትጠጣቸው ግድቦች አንዱ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቡና የሚያፈሉት በዚያው ውኃ ነው። የከተማዋ የውኃ ድርጅት ለዚህና በ1996 ለደረሰው የባፋሎ ክሪክ ቃጠሎ መዘዝ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

*

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በ1988 ሲቃጠል ሎጅፖል ፓይን በሙጫ የታሸገ ፍሬውን በሙቀቱ ከፍቶ ዘሩን በተነ፤ ጫካው ተመለሰ። ከዚያ ወጣት ጫካ ከፊሉ በ2016 እንደገና ሲነድ ግን የበቀለው ችግኝ እጅግ ጥቂት ሆነ። ፖንዴሮሳ የታሸገ ፍሬ የለውም። ዘሩም ከእናቲቱ ዛፍ ብዙ አይርቅምና የሰፊው ቀይ መሃል ዛፍ አልባ ሆኖ ይቆያል።

*

በ2001 መገባደጃ ፖልሂመስ በተባለ ቦታ ባለሙያዎች ሆን ብለው፣ በቁጥጥር ሥር እሳት ለኩሰው ነበር። የሄይማን እሳት እዚያ ሲደርስ በዚያ በኩል ቆመ። ጭሱን የሚያማርር ነዋሪ አይጠፋም፤ ምሬቱም ይገባኛል። ቢሆንም ለማጥፊያ አውሮፕላን ከሚጠየቀው በጀት በፊት የዚህ ሥራ በጀት ቢጠየቅ እመርጣለሁ።