«አገር ስጠኝ» ቀርቶ «ፍቅር ንገረኝ»

እናንተዬ፣ «እወድሻለሁ» ማለት የሚተናነቀው ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው እንዲያ ነው። ሻይ ይጋብዛል፣ እስከ ታክሲ ይሸኛል፤ ከአፉ ግን ጠብ የሚል የለም። (ስለ ኳስ ከሆነማ ማን ይቻለው!)

መላ ዘየድኩ። በልጅነታችን «እንቆቅልህ?»፣ «ምን አውቅልሽ?» ስንባባል ያላወቀው አገር ይሰጥ የለ? ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥቶ ይሰደባል። እኔ ቅጣቱን ቀየርኩት፦ ያላወቀ ዓይን ዓይን እያየ አንድ የፍቅር ቃል ይናገራል።

መጀመሪያ «ዓይንሽ ኮከብ ነው» አለኝ። ሳቅኩበት። ቀጥሎ ግን «ስትቀሪ ሻዩ አይጣፍጠኝም» አለ። ይሄን ወደድኩት፤ የራሱ ነዋ! እናንተም ከሞከራችሁት «ጨረቃዬ» ምናምን የሚለውን ተዉትና እንዲህ ያለውን በሉ።

ባለፈው ቅዳሜ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» አልኩት። ወንዝ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። እሱ ግን «አላውቀውም» ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።