የኦሳን ሣጥን

ጃፓኖች ሺንጁ ይሉታል፤ አብረው መኖር የተከለከሉ ፍቅረኞች ተማምለው አብረው የሚሞቱበት የድሮ ልማድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1703 ኦሳካ ውስጥ አንድ የሱቅ ሠራተኛና አንዲት ሴተኛ አዳሪ እንዲህ ሞቱ። ደራሲው ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን ታሪካቸውን ወዲያው የአሻንጉሊት ቲያትር አደረገው፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ሞቱም ተውኔቱም ስለበዛ በ1723 የሾጉኑ መንግሥት ሁለቱንም ከለከለ። ፍቅረኞቹ ሁለቱም ከሞት ከተረፉ ሦስት ቀን አደባባይ ላይ ለሕዝብ እይታ ቀርበው ከኅብረተሰቡ ግርጌ ወዳለው መደብ ይወርዱ ነበር።

ከቺካማትሱ ሥራዎች በ1721 መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣውን «የአሚጂማ ሺንጁ» የተባለውን ሳነብ ልቤ የቀረው ሚስትየዋ ኦሳን ዘንድ ነው። ባሏ ጂሄይ ወረቀት ነጋዴ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። የሚወዳት ኮሃሩ በውል የተሸጠች ሴተኛ አዳሪ ናት፤ ማስለቀቂያዋን ሌላ ሀብታም ሊከፍል ተዘጋጅቷል። ኦሳን ኮሃሩ ራሷን ልታጠፋ መሆኑ ገባት። ያጠራቀመችውን ብር አወጣች። አልበቃም። ሣጥኗን ከፍታ የክት ልብሷን፣ ቀጥላም የልጆቿን ልብስ አውጥታ ለመያዣ ጠቀለለች። ይህን ሁሉ ለባሏ ውሽማ! እኔ በሥነ ጽሑፍ ከዚህ የሚበልጥ ደግነት አላየሁም። ግን አባቷ ደርሶ ሣጥኑን ባዶ ሲያገኘው ልጁን እየጎተተ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ጂሄይንና ኮሃሩን ከሞት የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ፍቅር ገደላቸው ይባላል። ኦሳን ግን ነገሩ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም ሊቆጠር እንደሚችል አይታ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሠርጉ የተራዘመበት አንድ ወዳጄ «ከእሷ ከተለየሁ መኖሬ ለምኔ ነው?» ይለኝ ጀመር። ልማዳችን «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» ማለት ነው። እኔ ግን «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት። አቀረቀረ። «ስንት ብር አለብህ?» ስለው አለቀሰ፤ ለማንም ያልተናገረው እዳ ነበረበት።

ያን ሌሊት እህቱ ጠርተናት አብራው አደረች። በማግስቱ አበዳሪዎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈርን። ዕቁባችን ውስጥ ዕጣ የወጣላቸው እናት ተራቸውን ለቀቁለት፤ የቀሩት አበዳሪዎችም ጊዜ ሰጡት። ለእጮኛው የነገራት ራሱ ነው።