የሁለት ዘመን ዓይን

ካሜራ ያረጃል፤ ሌንስ ግን ካልተጫረና ካልሻገተ አያረጅም። አባቴ ያወረሰኝ የሶቪየት ሥሪት ዜኒት መዝጊያው ከሞተ ቆይቷል። ሄሊዮስ 44-2 የተባለው ባለ 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ግን ዛሬም ደኅና ነው። በብረት ቀለበት ከዲጂታል ካሜራ ጋር አጋጠምኩት። ቀለበቱ መሐሉ ባዶ ነው፤ ሥራው የሌንሱን መቀመጫ ከብርሃን ተቀባዩ እንደ ድሮው 45.5 ሚሊ ሜትር ያህል ማራቅ ብቻ ነው። ርቀቱንና ብርሃኑን የሚመጥነው እጅ ነው።

የእናቴ ብቸኛ ፎቶግራፍ በዚሁ ሌንስ የተነሳው በቅኔው አገር በዲማ፣ ከጊዮርጊስ ቅጽር አጠገብ ነው። ዘንድሮ ልጄን እዚያው አቁሜ፣ ፊቷ እስኪጠራ ሌንሱን ቀስ እያልኩ አዞርኩ።

«አባዬ፣ ምነው ቆየህ?» አለችኝ።

አያትና የልጅ ልጅ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም። ሁለቱንም ያየ ግን አንድ ሌንስ አለ።