ፍሬኑ እምቢ እንዳይል

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ የድንጋይ ንጣፉ በሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሌሊቱን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ከተማው አዙራ ታድራለች። አቋቋሟ የአጋጣሚ አይደለም። ባለቤቷ ማታ ሲገቡ፣ ዝናብ ቢዘንብም ቢያካፋም፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ብለው ካላስተካከሏት አይወርዱም። ከወረዱም በኋላ ከፊት ጎማዋ ሥር ታኮ የሚሆን ድንጋይ ያስገባሉ፤ ድንጋዩንም ረገጥ ረገጥ አድርገው ይፈትኑታል። ባትሪው በብርድ ደክሞ ቢያድር፣ ጠዋት የማንንም ጉልበት ሳይለምኑ፣ ቁልቁለቱ ራሱ እንዲገፋላቸው ነው። ሞተሪኖው የከዳውን ሥራ መሬቱ ይሠራዋል። ድንጋዩን የማንሣቱ ሹመት የልጅ ልጃቸው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ማቆም ብቻውን አንድ ጥበብ ነው። ደካማ ባትሪ የያዘ ሰው ለግብዣ ሲጠራ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤቱን ቁጥር ሳይሆን፣ ደጁ ቁልቁለት መሆን አለመሆኑን ነው። ሜዳ ላይ ያቆመ ሰው ዕጣው ስፒንታ ነው። ስፒንታ ደግሞ የመንገደኛ ሁሉ ግዴታ ይመስላል፤ ሰው የማያውቀውን ሰው መኪና ገፍቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ እጁን አራግፎ፣ ምስጋና ሳይጠብቅ መንገዱን ይቀጥላል። ነገሩ ከከተማዋ ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ሲገባ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ «ባቡር» በከተማዋ የታወቀ ነበር። ያ ባቡር በመጨረሻ ተሰብሮ ከቆመበት ሳይነሣ ቀረ፤ ሥፍራውም ሰባራ ባቡር ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይባላል። ለተበላሸ ተሽከርካሪ ሰፈር የሰየመ ከተማ በተበላሸ መኪና ሊሥቅ አይገባውም፤ አይሥቅምም።

የጋራዥ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበረ፤ ዛሬ አማርኛ ሆኗል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ማርሚታ፣ ባልቦላ፣ ካቻቢቴ እያለ ዘይት በነካው ጣቱ ቆጥሮ ለልጆች የሚያስተምረው መካኒክ፣ ሮምን በካርታ ላይ ፈልግ ቢሉት ይቸገር ይሆናል። ላዳዋም ብትሆን የዚሁ ዘር ናት። ሰው ሁሉ የሩሲያ መኪና ይላታል እንጂ፣ በቮልጋ ዳር ባለችው የቶልያቲ ከተማ በ1970 እ.ኤ.አ. መሠራት ስትጀምር ቅርጿም አጥንቷም የተወሰደው ከፊያት 124 ነው። ከተማዋም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጣሊያናዊ የፖለቲካ መሪ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባው መካኒክ አካሏን በጣሊያንኛ ስም ሲጠራ፣ ሳያውቀው በአያቷ ቋንቋ እያናገራት ነው ማለት ይቻላል።

የላዳዋ ባለቤት ስድሳዎቹን እያገባደዱ ያሉ ሰው ናቸው። ከመጽሐፍ የቀሰሙት የሞተር ትምህርት የለም፤ የሚያምኑት ጆሯቸውን፣ አፍንጫቸውንና መርገጫው ላይ የሚያርፈውን እግራቸውን ነው። «ታፏጫለች» ካሉ ቺንጊያው ላልቷል፤ «አጓራች» ካሉ ማርሚታው ተበስቷል፤ «ታነቀች» ካሉ ቤንዚን በዝቶባታል። ካንዴላውን ፈትተው ጫፉ ጥቀርሻ ለብሶ ሲያገኙት አይደነግጡም፤ በብረት ብሩሽ ፍቀው ይመልሱታል። ይህ ከፍታው ያመጣው ዕዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሽሮ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተቃኘ ካርቡራተር ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ያፈሳል፣ አየሩ ግን አይደርስለትም፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ነዳጅ ይበላል። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ ውስጡ የሚታመቀው ግፊት መፍላቱን ያዘገየዋል፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን መኪናው በእንጦጦ ዳገት ላይ የሻይ ጀበና ይሆናል። ስንቱ ሰው ነው በአንዲት ቀጭን ጎማ ጥፋት ራዲያተሩን በሙሉ ያስለወጠው!

እነዚህ ሁሉ የሚታገሡ ሕመሞች ናቸው። ያልተነሣ መኪና ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ፍሬን ግን ሌላ ነው። ሾፌር ስለ ፍሬን ሲናገር ተበላሸ አይልም፤ «እምቢ አለኝ» ነው የሚለው፤ ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረ አሽከር በአንዲት ክፉ ሰዓት ፊቱን እንዳዞረበት ሁሉ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ረቡዕ ማታ ነው። ሰውዬው ስድስት ኪሎ ላይ ለመብራት ቆመው ሳለ፣ የረገጡት ፍሬን ቀስ እያለ ከእግራቸው ሥር ሰመጠ። ደግመው ረገጡት፤ ተመለሰ። ሦስተኛ ሲረግጡት ጠንክሮ ያዘ። ከኋላ ያሉት ክላክስ እስኪያሰሙ ድረስ አረንጓዴው መብቱን አላዩትም፤ እግራቸው የነገራቸውን እያዳመጡ ነበር። ወደ ቤት አልሄዱም፤ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገሙ መንገድ ዳር ወዳለው የለመዱት ጋራዥ ገቡ።

«ዘይቱ ጎድሏል ጋሼ?» አለ መካኒኩ፣ ኮፋኖውን ሳይከፍት።

«አልጎደለም።»

«ከጎማዎቹ ሥር እርጥበት አለ?»

«ደረቅ ነው። አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ዋናው ፓምፕ ነው። ጎሚኒው አልቋል።»

የአካሄዱን ቀናነት ልብ ማለት ይገባል። ፈሳሹ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ፍሬኑም እየሰመጠ ከሆነ፣ ፈሳሹ የሚሸሸው በውስጥ ነው። በዋናው ፓምፕ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ጠርዟ ሲበላ፣ ወደ ጎማዎቹ መገፋት የነበረበት ዘይት በጎኗ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደጋግመው ሲረግጡት የሚይዘው ከመሹለኩ ፈጥኖ ስለሚገፋ ነው፤ ይህም ለብዙ ሾፌር የሐሰት መጽናኛ ሆኗል። መካኒኩ ደግሞ እውነቱን አልሸሸገም፤ ላዳዋ ለፊትና ለኋላ የተለያየ የፍሬን መስመር እንዳላት፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንደሚቀር ተናገረ። «ግማሽ ፍሬን አለዎት» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግማሽ» ሲል ደገመው። አጠገቡ የነበረ ሌላ ሾፌር፣ ጎሚኒ እስኪገኝ ድረስ የሳሙና ውሃ ቢጨመርበት እንደሚያዘልቅ መከረ። መካኒኩ ቀና ብሎም አላየው። ፍሬን ሲሠራ ይግላል፤ ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት አገር የፍሬን ቱቦ በውሃ መሙላት፣ በቁልቁለቱ መካከል ቱቦውን በእንፋሎት መሙላት ነው። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም።

ችግሩ ግን ከፓምፑ ይሰፋ ነበር። ሰውዬው በየማለዳው አራት ሕፃናትን በወር ኮንትራት ከሽሮ ሜዳ እስከ አራት ኪሎ ያደርሳሉ። የቤታቸው ጤፍና ዘይት የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው፤ የቀረው የመንገድ ሥራ ከቤንዚኑ ተርፎ የሚገባው ጥቂት ነው። ኮንትራት እንደ ሸማ ክር ነው፤ አንድ ቀን ከተበጠሰ ቋጠሮው ይታያል። አንድ ሳምንት የቀረ ሾፌር፣ ልጆቹን በሌላ መኪና ያገኛቸዋል። መኪናውን ለውጦ ሌላ ልግዛ ማለትም እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌ መኪና ዋጋው በዕድሜው መውረዱን ትቷል፤ ያለውን መጠገን የሚችል ሰው ብቻ ነው ባለመኪና ሆኖ የሚኖር።

ያን ሌሊት ሰውዬው አልተኙም። ግማሽ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በወጣትነታቸው ኤንትሬ በምትባለው የፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚሆነውን ያን ቁልቁለት፣ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጉሮሯቸውን ሲከረክረው ያስታውሳሉ። ወደ ደጀን ሲወጡም ከመኪናው ኋላ ታኮ ተሸክሞ መሮጥ የረዳቱ ፋንታ ነበር፤ ሾፌሩ ማርሽ ሳተ ማለት ታኮው ከጎማው ሥር መግባት አለበት፤ የዘገየ ረዳት መኪናውንም ጭነቱንም ሰውንም ያጣል። ያ ሾፌር አንዲት ሕግ ነበረችው፤ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። በዚያች ሕግ ላዳዋን በአንደኛ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬን እየታገዙ፣ እስከ አራት ኪሎ ማውረድ እንደሚችሉ ሰውዬው እርግጠኛ ነበሩ። ክፋቱ እርግጠኛ መሆናቸው ነው። ሰባት ቀን ቢያደርጉት ሰባቱንም ቀን ይሳካላቸው ይሆናል፤ በስምንተኛው ቀን አንድ አህያ መንገዱን ያቋርጣል።

ሐሙስ ጠዋት ድንጋዩ ከጎማው ሥር አልተነሣም። ሰውዬው በእግራቸው ወርደው፣ አዲስ መኪና የያዘ አንድ ወጣት ሾፌር ቀሰቀሱና አራቱን ልጆች አስረከቡት፤ የእያንዳንዳቸውን ቤትና የትምህርት ቤቱን በር አሳዩት። ከእናቶቹ አንዷ ደጃፏ ላይ ሆና «አባባ፣ ትናንት ደኅና አልነበረች?» ብላ ጠየቀች። «ደኅና ነበረች ልጄ፤ ዛሬ ግን አላመንኳትም» አሏት። ከዚያ በላይ አላብራሩም። እንጀራን በገዛ እጅ ለሌላ ሰው አንሥቶ መስጠት ንግግር አያስወድድም።

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልግን ሰው ትዕግሥት ይፈትናል። ከየመኪናው የተፈታው ብረት ሁሉ፣ በር ከነመስኮቱ፣ ሞተር ከነቆሻሻው፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ በየዓይነቱ ተሰቅሎ፣ ደላላው ገና ሰው ከታክሲ ሳይወርድ «ምን ጠፋ?» ይላል። ለሰውዬው የቀረበላቸው ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው ከተፈታ ላዳ የወጣ አሮጌ ፓምፕ ነው፤ ፋብሪካው የሠራው እውነተኛ ብረት፣ ግን ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ። ሁለተኛው በካርቶን የታሸገ አዲስ ነው፤ የሚያምር ጽሑፍ ያለበት፣ ግን ሲያነሡት ከወትሮው የቀለለ። ሻጩ አዲሱን አሞገሰ። እሳቸው ግን ሁለቱን በግራና በቀኝ እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ በመጨረሻም አሮጌውን ገዝተው፣ ለብቻው የሚሸጥ የጎሚኒ ስብስብ ጨመሩበት። የሻጩ ፊት እንደ ጠቆረ አላመለጣቸውም።

መካኒኩ አሮጌውን ፓምፕ ፈትቶ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ዳሰሰ። ጭረት ካለ አዲስ ጎሚኒ በሳምንት ያልቃል። ጭረት አልነበረም። በፍሬን ዘይት አጥቦ አዲሶቹን ቀለበቶች ገጠመ፤ ያረጀው ዘይት ዓመታት ሙሉ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ስለ ኖረ እሱንም አስወገደው። ከዚያ አየሩን የማውጣቱ ሥራ መጣ። የልጅ ልጃቸው መሪው ሥር ተቀመጠ፤ እግሩ ፔዳሉን በጭንቅ ይደርሳል። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ይጣራል፤ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ቀጭኗ ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ አረፋ ትተፋለች። አንዲት አረፋ በቱቦው ውስጥ ከቀረች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አየር እንደ እንፋሎቱ ይጨመቃልና። ከሩቁ ጎማ ጀምረው ወደ ቅርቡ አራቱን ዞሩ። ልጁ እግሩ እስኪንቀጠቀጥ ረገጠ። በመጨረሻ ከቱቦው የወጣው ጠል ያለ ዘይት ብቻ ሆነ።

ሰውዬው ገብተው ረገጡት። አልሰመጠም። እግራቸውን ሳያነሡ፣ በልባቸው እስከ መቶ ቆጠሩ።

ሰኞ ጠዋት ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ተመለሱ። የአራተኛው ቤተሰብ አዲሱን መኪና ወደደ፤ አልፈረዱባቸውም። ላዳዋ በቁልቁለቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ከተማው አዙራ ቆማለች፤ ሕፃናቱ ተሳፍረዋል፤ ልጁ ከፊት ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጓል። ሰውዬው ፍሬኑን ረግጠው ያዙና በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«አንሣ» አሉት።