ዕዳ የለብህም? እንግዲያው አናውቅህም!

አያቴ ስትመርቀኝ ማሳረጊያዋ ሁልጊዜ «ከዕዳ ከበሽታ ይሰውርህ» ነበር። ምርቃቷ ይሁን ዕድል እንጃ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በዲቪ አሜሪካ ስገባ የማንም ሰው አምስት ሳንቲም አልነበረብኝም። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የገባሁት። ለካ እዚህ አገር ዕዳ የሌለበት ሰው የሚመሰገን ሰው አይደለም። የማይታወቅ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ አካባቢ እንዳለ ብዙ ሐበሻ እኔም ሥራ የጀመርኩት ፓርኪንግ ነው። ሌሊት እየሠራሁ፣ ከአራት ልጆች ጋር አንድ ቤት እየተጋራሁ ትንሽ ካጠራቀምኩ በኋላ የራሴን አንድ ክፍል ልከራይ ሄድኩ። የደሞዝ ወረቀቴን አቀረብኩ። የባንክ ስቴትመንቴን አቀረብኩ። የአፓርትመንቱ ማኔጀር የሶሻል ቁጥሬን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባችና «ፋይልህ ባዶ ነው፣ ክሬዲት የለህም» አለችኝ። «አዎ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም!» አልኳት በኩራት። ሴትዮዋ በሐዘኔታ አየችኝና ወይ ተጨማሪ ዲፖዚት፣ ወይ ዋስ አምጣ አለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። መጥፎ ክሬዲት እና ክሬዲት አለመኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጥፎ ክሬዲት ያለው ሰው ታሪክ አለው፤ ታሪኩ አያምርም እንጂ። እኔ ግን ታሪክ አልነበረኝም። ብዙዎቻችን ስኮራችን ከዜሮ የሚጀምር ይመስለናል። ዜሮ የሚባል ስኮር የለም። በብዛት የሚሠራበት ፋይኮ የተባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ነው። ቢያንስ አንድ ስድስት ወር የሞላው አካውንት በስማችሁ እስካልተመዘገበ ድረስ ቁጥሩ ከነጭራሹ አይወጣላችሁም።

አገር ቤት እምነት የሚቀመጠው ሰው ዘንድ ነው። የሠፈሩ ባለሱቅ ደብተር አለው። ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ የልጁን እስክሪብቶ ይጽፍና ደሞዝ ሲወጣ ይሰርዛል። እቁብም ቢሆን ብድር ነው እኮ፣ ስሙን ስለማንጠራው ነው እንጂ! መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ገንዘብ ተበድሯል፤ መጨረሻ የሚደርሰው አበድሯል። ቶሎ የወጣለት ሰው «ዋስ ጥራ» የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢም እቁብ አለ። ዓመታት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያጓድሉ የሚጥሉ እናቶችን አውቃለሁ። የእነሱን ታማኝነት ግን የትኛውም ኮምፒውተር አያውቀውም።

የአሜሪካ ደብተር ያለው ሦስት ድርጅቶች እጅ ነው፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን። ባንኮችና የካርድ ኩባንያዎች ማን መቼ እንደከፈለ፣ ማን እንዳሳለፈ በየወሩ ይነግሯቸዋል። ከደብተሩ ላይ ቁጥር የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው። ፋይኮ የሚለው ስም የመጣው ቢል ፌር ከተባለ ኢንጂነርና ኧርል አይዛክ ከተባለ የሒሳብ ሰው ሲሆን ኩባንያውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ዛሬ የምናውቀው ስኮር ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1989 ነው።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት አሜሪካም እንደኛ ሠፈር ነበረች። የዛሬው ኢኩፋክስ በ1899 አትላንታ ውስጥ ሲቋቋም ስሙ ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ ነበር። ይህ ኩባንያ ስለ ሰዎች የግል ሕይወት፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ ትዳሩ እንዴት እንደሆነ ሳይቀር ይሰበስብ ነበር። ሐሜት በፋይል ማለት ነው! በ1970 ሕግ ወጥቶ ነው ሰው ስለራሱ የተጻፈውን የማየትና ስህተት ሲያገኝ የመከራከር መብት ያገኘው። ስለዚህ ቁጥሩን ስረግም ይህንንም አስታውሳለሁ። የሠፈሬ ባለሱቅ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለሚያውቅ ያምነኛል፤ ከሌላ ሠፈር የመጣውን ልጅ ግን «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለውን ወረቀት ያሳየዋል። ኮምፒውተሩ የማን ልጅ እንደሆንኩ አይጠይቅም። ይህ ጉዳቱም ጥቅሙም ነው።

ታዲያ ምን ይጠይቃል? 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈላችሁ ነው። 30 በመቶው ከተፈቀደላችሁ ብድር ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ ነው። 15 በመቶው የታሪካችሁ ርዝመት፣ 10 በመቶው በቅርቡ ያመለከታችሁት አዲስ ብድር፣ የቀረው 10 በመቶ የብድራችሁ ዓይነት ነው። ደሞዛችሁ የለበትም። ያጠራቀማችሁት የለበትም። ዲግሪያችሁም፣ ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብም የለበትም።

እኔ የጀመርኩት ሴክዩርድ በሚባለው ካርድ ነው። 300 ዶላር አስይዛችሁ የ300 ዶላር ካርድ ይሰጧችኋል። በገዛ ገንዘባችሁ መበደር ማለት ነው፤ ያስቃል አይደል? በካርዱ የስልክ ቢሌን ብቻ መክፈል ጀመርኩ። ቢሉ ሲመጣ ሙሉውን እከፍላለሁ። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ሰባተኛው ወር ላይ 671 የሚል ቁጥር መጣልኝ። እንደ ማትሪክ ውጤት ደጋግሜ አየሁት።

በመንገዱ ላይ የሰማሁት ምክር ግን ጉድ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ሙሉውን እንዳትከፍል፣ ትንሽ አስቀርበት፣ ስኮር የሚያድገው ወለድ ስትከፍል ነው» አለኝ። ይህ ውሸት ነው፤ በሐበሻ መካከል ግን እንደ ወንጌል ይነገራል። ዛሬ የብዙ ክሬዲት ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ወለድ መክፈል ባንኩን ነው የሚያሳድገው። ሌላው «ስኮርህን ባየኸው ቁጥር ይወርዳል» አለኝ። የራሳችሁን ማየት ምንም አይቀንስባችሁም። ከሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርታችሁን አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። የሚቀንስባችሁ፣ በየሱቁ «ካርድ ብታወጣ ዛሬ ቅናሽ አለህ» ባሏችሁ ቁጥር ማመልከት ነው።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የ300 ዶላር ካርድ ላይ 250 ካወጣችሁ፣ በኋላ ሙሉውን ብትከፍሉም ስቴትመንቱ ሲዘጋ ለሦስቱ ድርጅቶች የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ያ 250 ነው። ከ30 በመቶ በታች፣ ማለትም ከ90 ዶላር በታች ቢታይ ይመረጣል። ስለዚህ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ከፈል አድርጉ። መክፈያ ቀን ረስታችሁ 30 ቀን ካለፈ ደግሞ ይመዘገባል፤ ሰባት ዓመትም ይቆያል። እኛ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እዚህ ክፉ ስም የሚውልበት ጊዜ በሕግ ተወስኗል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ መጣ። ሃያ ዓመቱ ነው። ሥራ አገኘ፣ ግን ሥራው አውቶብስ የማይደርስበት ቦታ ነው። መኪና ሊገዛ ሄዶ «ክሬዲት የለህም፣ ኮሳይን የሚያደርግልህ ሰው አምጣ» ተባለ። ሰው ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። በሳምንቱ አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አንተ እያለህለት ልጄ በባዕድ አገር ዋስ ይጣ?» አለችኝ።

ምን ይመለስላታል? ዋስ የሚለው ቃል ራሱ ነው ያጣላን። አገር ቤት ዋስ ሲጠራ መሃል ሰው አለ። ባለዕዳው ቢቸገር ዳኛው ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀን ይጨመራል። ኮሳይን ማድረግ ግን ብድሩን የራስ ማድረግ ነው። ብድሩ በእኔም ፋይል ላይ ይቀመጣል። እሱ አንድ ወር ቢያሳልፍ እኔም አሳልፌያለሁ፤ ሥራ ቢያጣ አበዳሪው መጀመሪያ እሱን የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። ልጁ ይከዳኛል ብዬ አይደለም የፈራሁት። ሃያ ዓመቱ ነው፣ የገባ ዓመት ነው፣ ሥራው በሰዓት የሚከፈል ነው። ቃሉን አምናለሁ፤ የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት ግን እሱም እኔም አናውቃቸውም።

እንቢ አልኩ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንዴት ጉሮሮ እንደሚይዝ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከእንቢታው ጋር ግን ሌላ ነገር አደረግኩ። ረጅም ዕድሜ ባለው ካርዴ ላይ ስሙን አስጨመርኩ፤ ካርዱን እጁ ላይ አልሰጠሁትም። ይህን ብዙ ባንኮች ይመዘግቡታል፤ የእኔ ታሪክ ለእሱም ይቆጠርለታል፣ እዳ ለማብዛት ግን በር አይከፍትም። ከዚያ አብረን ሄደን በራሱ ስም ሴክዩርድ ካርድ አወጣን። ገና 21 ስላልሞላው ለብቻው ለማውጣት የራሱ ገቢ እንዳለው ማሳየት ነበረበት፤ በ2009 የወጣው ሕግ ያስገድዳል። የደሞዝ ወረቀቱ አዳነው። እኔ ፈረቃዬ ሲፈቅድ ወደ ሥራ አደርሰዋለሁ፤ በቀሩት ቀናት አንድ የሥራ ባልደረባው ቤንዚን እያካፈለው ይወስደዋል።

አሁን አምስተኛ ወሩ ላይ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለው ይስቃል፤ ብርድ ውስጥ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ ግን እንደማይስቅ አውቃለሁ። አክስቴ እስካሁን አኩርፋለች። ፋሲካ ደውዬላት ሦስት ደቂቃ እንኳ አላወራችኝም። ደብተሩን፣ ቁጥሩን፣ ሰባት ዓመቱን ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህቷ ልጅ ለልጇ ዋስ አልሆነም።

ስለዚህ አዲስ ለምትገቡም፣ አሥራ ስምንት ለሞላችሁም የምለው ይኸው ነው። መኪናውም ቤቱም ሳያስፈልጋችሁ በፊት፣ ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ ሳትቆሙ በፊት፣ ትንሿን ካርድ አውጡና የስልካችሁን ቢል ክፈሉባት። ስድስት ወር ሩቅ የሚመስለው ቸኩሎ ለሚጠብቅ ሰው ነው። አስቀድሞ ለጀመረ ሰው እንደዋዛ ያልፋል። ያኔ ዘመዳችሁን የምትጠሩት ቤት ስትገቡ ቡና ለማጠጣት ይሆናል እንጂ ለፊርማ አይሆንም።

ቸር እንሰንብት!