ከሞግዚት ዕቅፍ ወደ እንግዳ ዕቅፍ

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ ከአብራኩ ያልወጣውን ልጅ እንደ ወለደው ቆጥሮ የሚያሳድግበትን ሥርዓት ያመለክታል፤ «የጡት ልጅ» የሚባለው የአማራ ልማድም ተቀራራቢ ዝምድና ይመሠርታል። በእነዚህ ልማዶች ልጁ ተጨማሪ ወላጅ ያገኛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የወለዱትን አያጣም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 183 ይህንኑ አጽንቶ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንደሚቀድም ይደነግጋል። ልጅ ለመቀበል ወደ አዲስ አበባ ይመጡ የነበሩት አሜሪካውያን የሚያውቁት ጉዲፈቻ ግን የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ፊት ከሥሩ የሚቆርጥ ነበር። ወላጅና አሳዳጊ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ተረድተው መፈራረማቸው፣ በኋላ ለመጣው ሐዘን ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

ከ1999 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በተለይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሳዳጊዎቹ ሁለት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ሆነ፤ መጀመሪያ ልጁን አይተው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቅረብ፣ ሁለተኛ ደግሞ የቪዛው ጉዳይ ሲያልቅ ልጁን ይዘው ለመሄድ። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፉ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይገባል። ልጁ ገላውን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ ይጠብቃል። የማሳደጊያ ቤቱ ሞግዚት አስቀድሞ በተላከው የፎቶግራፍ አልበም ላይ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል እያሳየች «እማዬ በያት» ስትለው ሰንብታለች። ሴትዮዋ በር ላይ ብቅ ስትል ግን ልጁ ፊቱን በሞግዚቷ ቀሚስ ውስጥ ይቀብራል፣ ወይም ድምፁን አጥፍቶ እንደ እንጨት ደርቆ ይታቀፋል። እንግዳዋ በአውሮፕላን ስታጠናቸው የመጣችው «ውሃ»፣ «ሽንት»፣ «አይዞህ» የሚሉ ጥቂት ቃላት አሏት፤ «አይዞህ» በባዕድ አንደበት ተሰባብሮ ሲወጣም እንኳ አንዳንድ ልጅ ቀና ብሎ እንዲያይ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይህችው ሴት ትሄዳለች። ለአዋቂው ይህ የቪዛ ጉዳይ ነው፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን አንዴ ከእናቱ የተለየ ሰው ዳግመኛ መተዉ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሕፃን ከሚንከባከበው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የጸና ትስስር «ቁርኝት» ይሉታል። የዚህ ዕውቀት አንዱ ምንጭ አፍሪካ መሆኗ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዩጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ፣ 26 ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየሄደች አጥንታ፣ ሕፃናት እናታቸውን እንደ መጠጊያ ይዘው ዓለምን እንዴት እንደሚያስሱ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ገልጻለች። ከዚህ አንጻር ሲታይ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ማልቀሱ አሳዳጊዋን መጥላቱ ሳይሆን መውደድን ከሌላ ሰው መማሩን ያሳያል፤ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው እንዲያውም ማንም ቢያቅፈው ዝም የሚለው ልጅ ነው።

ከወላጅ እናት ጋር የሚደረገው ግንኙነት ደግሞ ከሁሉ ይከብድ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ከደቡብ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የመጡ ስለነበሩ፣ እናት ለምሳሌ በሐዲያ ቋንቋ፣ በሐዲይሳ፣ የተናገረችው ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ ነበር። «መቼ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ በሁለት አስተርጓሚ አፍ አልፎ ሲደርስ ጨዋነት የተላበሰ ስንብት መስሎ ሊሰማ ይችላል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ ቃል ኪዳን መስሎ ይደመጣል። አንዳንድ ወላጆች ልጁ ተምሮ እንደሚመለስ አምነው መፈረማቸው ከዚህ የመጣ እንጂ ከግድ የለሽነት አይደለም፤ መልእክቱን የሚያዛቡ ደላሎችም አልጠፉም።

በ2011 እ.ኤ.አ. አንዲት ከኢትዮጵያ የሄደች የጉዲፈቻ ልጅ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ከሞተች፣ አሳዳጊዎቿም በ2013 እ.ኤ.አ. ከተፈረደባቸው በኋላ ጉዳዩ በአገር ቤትም በዲያስፖራም ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን ከለከለ። ክልከላው ግን አስቀድሞ የተለያዩትን አላገናኘም። ዛሬ ያደጉት ልጆች በራሳቸው ገንዘብ ቲኬት እየቆረጡ፣ የድሮ ፎቶግራፍና የተሳሳተ ዕድሜ የተጻፈበት ሰነድ ይዘው ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ ይጓዛሉ። እናት ቡና አፍልታ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ትቀበላለች። ልጁም ከጎኗ ተቀምጦ፣ በአፏ የምትለው ከቋንቋዋ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እስኪመለስለት ድረስ እጇን ይዞ ይጠብቃል።